ጥላቸው የገባበት ቀረጻ

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የሚሠሩት ሰው የማይታይበት ፊልም ነበር። አመሻሽ ላይ አቃቂ ወንዝ ዳር ካሜራቸውን ተክለው አረፋውንና በየቀኑ የሚለዋወጠውን የውሃውን ቀለም ይቀርጻሉ። አላፊ አግዳሚው "ጋሼ፣ ተዋናዩ የታለ?" ሲላቸው ወደ ወንዙ እያመለከቱ፣ "ያውልህ፣ ሲሄድ አታየውም?" ይላሉ።

ፀሐይ ከኋላቸው ሆና ጥላቸው ውሃው ላይ ካረፈ ግን ይናደዳሉ። "ተበላሸ! ጥላዬ ገባበት፤ አጥፊው" ይሉኛል። አጠፋዋለሁ።

ያረፉ ቀን የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሚሰቀል ፎቶ ፈለግን። መታወቂያቸው ላይ ካለችው ደብዛዛ ፎቶ በቀር ምንም የለም። ካሜራውን ስከፍት የመጨረሻው ቀረጻ ሳይጠፋ ቀርቷል። አረፋው ላይ ረጅም ጥላ አጎንብሷል። "አይ፣ ጥላዬ ገባበት" ይላል ድምፃቸው። ከዚያ ጥላው ቀና ይልና ቀስ እያለ ከምስሉ ይወጣል። ካሜራውን ማቆም ረስተውት ኖሮ ወንዙ ብቻውን መፍሰሱን ይቀጥላል።

ባለቤታቸው እትዬ፣ ሲመሽ "እስቲ ክፈችልኝ" ይሉኛል። አብረን እናያለን። ጥላው ወጥቶ ባዶ ውሃ ሲቀር ልዘጋው እጄን ስዘረጋ፣ ያዝ ያደርጉኛል።

"ቆይ" ይላሉ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳይነቅሉ። "ይመለስ ይሆናል።"