በባሕር የተረገጠ ባና

ክረምት ሲገባ ባናችን፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችን፣ ይረጥባል። ዝናብ ነክቶት አይደለም፤ ጣሪያችን አያፈስም፣ ባናውም ከመደቡ አይነሳም። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ወደ ሞላሌ ሲወጣ፣ ገና አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ እጄን ሳሳርፍበት እርጥብ ነው። አፍንጫዬን ስቀብርበት መጀመሪያ የበግ ሽታ ይመጣል፣ ከበጉ ሥር ደግሞ ሌላ፣ እዚህ አገር የሌለ ሽታ። ጎረቤቶቻችን ዝናብ መምጣቱን ለማወቅ ሰማይ ያያሉ። እኔና አባቴ ባና እንዳስሳለን።

ጨው ነው። ጨው የገባበት ጠጉር ከአየሩ ውሃ ይስባል ብሎ የነገረኝ የኬሚስትሪ መምህራችን ነው፤ ለምን እንደጠየቅሁት ግን አልነገርኩትም። ዘንድሮ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላኝ፤ መጻፍ እንደምችል ያወቅሁትም ዘንድሮ ነው። ስለዚህ ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ወደ ጅቡቲ የሄደችው አምስት ዓመት ሲሆነኝ ስለሆነ፣ ለእኔ እናት ማለት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከስልክ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ነበር። ከድምፁ ጀርባ ሁልጊዜ አንድ የሚያሿሿ ነገር ይሰማኛል፤ ነፋስ ይመስለኝ ነበር። ደሴት ላይ ባለ ሪዞርት እንደምትሠራ ትነግረኛለች። ሪዞርት ምን እንደሆነ ከክፍላችን ልጆች የሚያውቅ አልነበረም። እኔም አላውቅም፤ ግን ደብረ ብርሃን ባየሁት ባለ መስታወት ሆቴል ላይ ሁለት ፎቅ ጨምሬ አወራላቸው ነበር።

አባቴ ሸማኔ ነው። በዚያ ዓመት፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ እናቴ ፈትላ የተወችውን ጥቁር የበግ ጠጉር ከቆጥ አወረደው። ስድስት ዓመት ማንም አልነካውም ነበር። ሸመነው፤ ቁራጮቹን ጎን ለጎን አጋጥሞ ሰፋቸው፤ ከዚያ እኔና እሱ ወንዝ ወርደን ረገጥነው። ባና ስለተሸመነ ብቻ ባና አይሆንም። ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በእግራቸው ሲረግጡት ነው ጠጉሩ እርስ በርሱ የሚያያዘው። ውሃው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ረገጣውም በልክ። ሞቃት ውሃ ካገኘውና ከበዛበት ይኮማተራል፣ ተመልሶም አይዘረጋም። ይህን በእኛ ሰፈር ሕፃን ልጅ ያውቃል።

ሲደርቅ ሰፊ ነበር። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተኝቶ ዳርና ዳሩን ከሥሩ ቢያጥፈው ይተርፋል።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ወረቀቴን አስጨርሶ ሊወስደኝ መጣ። አባቴ ባናውን ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ሰጠኝ። ምን ልበላት አልኩት።

"ምንም አትበያት" አለኝ። "ስፋቱን ራሷ ታየዋለች።"

አጎቴ መንገዱን ሙሉ ሳቀብን። ደብረ ሲናን ወርደን ሙቀቱ ሲጀምር ሳቀ፣ ሚሌ ላይ ሸሚዙን አውልቆ ሳቀ። "አባትሽ ለሲኦል ማገዶ ይልካል" አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። ጆንያው ጭኔ ላይ ነበር፣ ሥራም ነበረኝ፤ እናቴን ይዤ መመለስ። ማንም እንዲህ ብሎ አላዘዘኝም። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይነገራትም፤ ዝም ብላ ታውቀዋለች።

ከወደቡ በጀልባ ተሻገርን። ሪዞርቱን ሳየው መስታወት ፈለግሁ። ስምንት የእንጨት ክፍሎች፣ የሰሌን ጣሪያ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የጠላቂዎች ጥቁር ልብስ። የሚታጠቡበት ውሃ በበርሜል ከወደብ ይመጣል፤ ለአንድ እንግዳ በቀን አንድ ባልዲ ነው። መስታወት የሚባል ነገር በእናቴ ክፍል በር ላይ የተሰቀለችው ስባሪ ብቻ ነበረች። ርካሽ ቦታ ነው፤ የሚመጡትም ለአልጋው ብለው አይደለም። ከዳር ሃያ እርምጃ ያህል ገባ ሲሉ የባሕሩ ወለል ልክ እንደ መንዝ ገደል ድንገት ይቆረጣል። እንግዶቹ ጀርባቸው ላይ የአየር ሲሊንደር አዝለው ወደዚያ ገደል ይገባሉ። እኛ ዘንድ ልጅ ገደል አፋፍ ሲቆም ይገረፋል። እነዚህ ግን ትልልቅ ሰዎች ሆነው ወደው ይገቡ ነበር፣ እየሳቁ።

እናቴ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውሃ ውስጥ ገብታ ተቀበለችኝ። አቀፈችኝ። አንገቷ ሳሙናና ጨው ይሸት ነበር። ጀልባ ነጂው እንኳ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ እንደማላውቃት ሴት አቀፈችኝ፣ እኔም ጆንያዬ እንዳይረጥብ ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

ክፍሏ ገብተን ባናውን አወጣሁ። ጫፉን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችና ቆመች።

"ይሄ የኔ ፈትል ነው" አለች።

ከዚያ ዘረጋችው። ክንዶቿን እስከመጨረሻው ዘረጋች፣ አልበቃትም። ስፋቱን አየችው። እየጠበቅሁ ነበር፤ ታለቅሳለች ወይም ትስቃለች ብዬ። አጣጥፋ አልጋዋ ሥር አስገባችውና እራት በልተሽ ተኚ አለችኝ።

ሰኞ የነነዌ ጾም ገባ። እናቴ እየጾመች ለእንግዶቹ ዓሣ ትጠብሳለች። እኔ ዮናስን ዓሣ እንደዋጠው ስሰማ ያደግሁ ልጅ ነኝና፣ በዚያ ሳምንት፣ በዚያ ባሕር፣ እግሬን ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አላስገባም አልኩ። ከእንግዶቹ አንዷ ፀጉሯ የነጣ ሴት ነበረች፤ በቀን ሦስቴ ትጠልቃለች። ማክሰኞ ዕለት የራሷን መነጽር አውልቃ ፊቴ ላይ አሠረችልኝና ነይ እንደሚሉ በእጇ ጠራችኝ። እናቴ ወገቤን ይዛ አስገባችኝ።

"ዛሬ ትልቁ ዓሣ መጥቷል" አለችኝ። "አትፍሪ፣ ይሄኛው አይውጥም። አፉ ብቻ ነው።"

ፊቴን ውሃው ላይ ደፋሁት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከሥሬ ሰማያዊው ወደ ጥቁር ይወርዳል፣ ፀሐይዋ እንደ ድር ተሰነጣጥቃ ትገባለች። ከጥቁሩ ውስጥ እንደ አጎቴ መኪና የረዘመ፣ ጀርባው በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ ነገር ወጣ። ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ፣ ከሥሬ አለፈ። ድምፅ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። እዚያ ውስጥ የማስበው አባት፣ የምመልሳት እናት አልነበሩም። ፊቴን ሳነሳ እናቴ እያየችኝ ነበር፤ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት።

ያቺ ሴት ለሦስተኛ ጊዜ ጠልቃ ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሮ ትንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ሁሉ ሙቀት ሰው ይበርደዋል ብዬ አላሰብኩም። ፎጣ ሰጧት፣ ብርዱ አልተዋትም። እናቴ ሮጣ ሄዳ ባናውን አመጣችና ጠቀለለቻት። የሴትየዋ መንቀጥቀጥ ቀስ በቀስ ቆመ፤ ከዚያ ጨርቁን እየደባበሰች አንድ ነገር ጠየቀች።

"ማን ሠራው ነው የምትለው" አለችኝ እናቴ።

"ምን አልሻት?"

"ባሌ አልኳት።"

ይህችን ቃል ይዤ ተኛሁ። ባሌ። ትመጣለች ማለት ነው አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባሕር የወጣ ሁሉ ባና ባና ይል ጀመር፤ ስሙን ሁሉም አወቁት። አጎቴ ሊወስደኝ ሲመለስ ነግሬው የማገዶውን ተረብ ይውጠዋል እያልኩ ደስ አለኝ።

ጠዋት ጠዋት ግን ከእንቅልፌ ስነቃ እናቴ አጠገቤ የለችም። አንድ ቀን ወጥቼ ፈለግኋት። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር፣ ውሃው እንደ ዘይት ተኝቷል። ከገደሉ ማዶ፣ ሩቅ፣ አንዲት ጥቁር ራስ ትታያለች። እናቴ ነበረች፣ ትዋኛለች። ከመንዝ የወጣች ሴት፣ እጇን እያፈራረቀች፣ ማንም ሳይጠራት፣ ማንም ውሃ ቅጂ እሳት አንድጂ ሳይላት። ጀርባዋን ነው ያየሁት። እዚያ ጀርባ ላይ ምን እንደነበረ አሁንም ስም አላገኘሁለትም፤ መጻፍ ችያለሁ ብዬ እንኳ።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ባናው በአሸዋና በጠላቂዎቹ ቅባት ደርቆ ነበር። እንዲህ ሆኖ አባቴ ዘንድ አይመለስም ብዬ፣ ወይም ከእሷ ጋር አይመለስም ብዬ፣ ዳር ላይ ውሃ ውስጥ ነክሬ ብቻዬን መርገጥ ጀመርኩ። አሸዋው ያንሸራትታል። እናቴ ከወጥ ቤት አየችኝና ድስቷን ትታ መጣች። ቆመች፣ ባናውን አየች፣ ውሃውን አየች። ከዚያ ገብታ ሁለት እጆቿን ትከሻዬ ላይ አደረገች። እኔም ትከሻዋን ያዝኩ። ረገጥን።

ውሃው ለብ ያለ ነበር፣ በፀሐይ የዋለ የዳር ውሃ። ብዙ ረገጥን። ደክሞኝ ሳቆም እሷ ትቀጥላለች።

"እናትዬ" አለችኝ ግንባሬን እያየች፣ "እኔ አልመጣም።"

እግሮቻችንን አየሁ።

"ሌላ ሰው ኖሮ አይደለም። ጠዋት ስዋኝ አይተሽኛል አይደል?"

"አይቼሻለሁ።"

"እሱ ነው። ሌላ የምለው የለኝም። አባትሽ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።"

"ባናውስ?" አልኳት። እኔስ ማለቴ ነበር።

"ትወስጂዋለሽ።"

ቅሪ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እቀር ነበር ወይ? አላውቅም። ትምህርቴ ነበር፣ አባቴም ብቻውን ነበር። ግን እንድትለኝ ፈልጌ ነበር። አላለችኝም። ፊቴን ባሕር ውስጥ የደፋሁ ያህል ሁሉ ነገር ድምፁ ጠፋ፤ ከሥሬ አንድ ትልቅ ነገር ቀስ ብሎ ሲያልፍ አየሁ፣ አልነካኝም። እግሬ ብቻ መርገጡን ቀጠለ። እጆቿ ትከሻዬ ላይ ነበሩ፤ እስክንጨርስ አላነሳቻቸውም።

ሞላሌ ስደርስ አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ፣ ከኋላዬ ማንም እንደሌለ አየ፣ ጆንያውን ተቀበለኝ። ባናውን መደቡ ላይ ዘረጋው። ከዳር እስከ ዳር በክንዱ ለካው። ደግሞ ለካው፤ ጠቧል። ጫፉን በጣቱ ነክቶ ጣቱን ምላሱ ላይ አሳረፈ።

"ብቻሽን ነው የረገጥሽው?" አለኝ።

"ከእሷ ጋር።"

"ውሃው ይሞቅ ነበር?"

"ይሞቅ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። የሸማኔ ሚስት የነበረች ሴት ምን እንደምታውቅና ምን እንደማታውቅ እሱ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። እኔ የገባኝ ቆይቶ፣ አድጌ ነው። ያን ዕለት አባቴ ባናውን አነሳና፣ መንገድ ላይ ሳይበርድሽ አይቀርም ብሎ፣ ትከሻዬ ላይ ጣለው።

"ለአንድ ሰው ይበቃል" አለ።

አሁንም እሑድ እሑድ ትደውላለች። ከድምጿ ጀርባ የሚያሿሿው ባሕሩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንዳንዴ እሷ ስታወራ እሱን ነው የማዳምጠው። ዛሬ ይህን ስጽፍ ጉሙ ወጥቷል። አባቴ ሥራውን አቁሞ ወደ መደቡ መጣ፣ እጁን ባናው ላይ አሳረፈ። ረጠበ እንዴ ስለው አዎ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው አለኝ። እጁን ግን አላነሳም። ዝናብ ለማወቅ ያን ያህል መቆየት አያስፈልግም።