አያቴ በመስኮት ሲጠብቁ

አያቴ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከቀረ እራት አይቀምሱም ነበር። አንድ ቀን እንግልውድ ከተማ ካለው ሥራዬ ስመለስ በረዶ መንገድ ላይ ያዘኝና አመሸሁ። ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ያለው አፓርታማችን ስደርስ ካፖርታቸውን ደርበው መስኮቱ ጋ ቆመዋል።

«እማማ፣ ትራፊክ ነው እኮ» አልኳቸው።

«አባቴ በጣልያን ጊዜ ምጽዋ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ» አሉኝ። «አንድ ቀን ነፋሱ አስፈርቷቸው ዛሬ አልወጣም አሉ። የጀልባው ባለቤት የሆነው ጣልያን ነጋዴ ግን መርከቡ የዓሣ ጭነት እየጠበቀ ነው ብሎ አስወጣቸው። በዚያው ቀሩ።»

«ነጋዴውስ ምን አለ?»

«በማግስቱ ሌላ ጀልባ ላከ።»

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ መኪናዬን ሳላስነሳ እደውልላቸው ነበር። እሳቸውም «ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር።

ካረፉ ወዲህ የመጀመሪያው በረዶ ትናንት ጣለ። ከሥራ ወጥቼ ስልኬን እንደያዝኩ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ሞተሩን ሳላስነሳ የእሳቸውን ቁጥር ፈልጌ አወጣሁ።