የሳምሪ አር ነው

ትናንት ቁም ሳጥን ስናጸዳ የታላቅ እህቴ የሳምሪ የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ ዲቪዲ ወጣ። ሽፋኑን ስከፍተው የፕላስቲኩ ሽታ ደብረ ብርሃን ወዳለው የአጎቴ ፎቶ ቤት መለሰኝ።

በምረቃው ቀን ሳምሪ ጥቁር ጋዋንና ቆብ አድርጋ ሁሉም ሲስማት፣ እኔ ገና ትምህርት ቤት ያልገባሁት ለምቦጬን ጥዬ ዋልኩ። አጎቴን አሳዘንኩትና የእኔንም ጭፈራ ለብቻው ቀረጸልኝ። በሳምንቱ ፎቶ ቤቱ ስንሄድ ሁለት ዲቪዲ ለእናቴ ሰጣትና፣ "የሳምሪ አር ነው" አላት።

እኛ ቤት ያን ቃል የተናገረ ልጅ አፉ ላይ በርበሬ ይደረግበታል። የእህቴ ምረቃ አር መሆኑን ስሰማ በደስታ እየተንከተከትኩ ሳቅሁ።

"ምን ያስቅሻል፣ አንቺ ቀናተኛ?" አለኝ አጎቴ። "አር የእንግሊዝኛው ፊደል ነው፤ የዲቪዲው ዓይነት። አንዴ ከተቀዳበት አይጠፋም። ያንቺ አርደብልዩ ነው፤ ይጠፋል፣ ሌላም ይቀዳበታል።"

ሳቄ ቆመ። "እሷ ሳትጠፋ እኔ ልጠፋ?"

"አንቺን ደግሞ ማን ችሎ ያጠፋሻል" አለች እናቴ።

ጠፋሁ እንጂ። ጭፈራዬ ላይ የጎረቤታችን ሠርግ ተቀዳበት።

ትናንት ግን የሳምሪን ከፍተን አየነው። እሷ የምስክር ወረቀቷን ይዛ ፈገግ ብላለች፤ ከጎኗ አንዲት ሚጢጢ ልጅ ምላሷን እስከ አገጯ ጎልጉላ አውጥታባታለች።

"ይቺን አጥፊልኝ" አለች ሳምሪ።

"አይቻልም እህቴ" አልኳት። "አር ነው።"