ጠሃ ኮምቦልቻን የሰጠ ዕለት

የሳጥን ተራው ጠሃ እንግሊዝኛ ልማር ብሎ የተነሳው ሹመት ፈልጎ አይደለም። ቁጭት ነው ያስነሳው።

ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ዕቃ የታሸገበትን ጣውላ፣ ዕቃው ሲራገፍ ጎጃም በረንዳ ካሉት መጋዘኖች ይገዛል። ያንን አፍርሶና ልጎ ለሙሽራ የሚሆን የልብስ ሣጥን ይሠራል። ጣውላው ላይ ታዲያ በጥቁር ቀለም የተጻፈ የፈረንጅ ፊደል አለ። ጠሃ ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ፊደል በመላጊያ እየላገ ፍቅፋቂ ሲያደርገው ኖረ። አንድ ቀን እኔ ሱቅ ምስማር ሊገዛ መጣና፣ ምስማሩን ትቶ በሐሳብ ጭልጥ አለ።

"ካሳ ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ንግግር ስልግ ኖሬ፣ ምን ይል እንደነበር ሳላውቅ ልሙት?"

"ሞት ምን አመጣው? የማታ ትምህርት አለ አይደል?" አልኩት። እኔ በቀልድ ነበር የተናገርኩት። እሱ ግን በማግስቱ እጄን ይዞ ወሰደኝና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ የማታ ትምህርት ቤት ሁለታችንም ተመዘገብን። ጢማችን ሸብቶ ከአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የአግዳሚው እግር ላልቷልና እኔ ስጽፍ ጠሃ አብሮ ይወዛወዛል።

"አንተ አናጢ አይደለህም እንዴ? እግሩን በምስማር ምታው እንጂ!" ስለው፣

"እዚህ ስገባ አናጢነቴን ደጅ ጥዬ ነው የምገባው። እዚህ ተማሪ ነኝ!" ይላል ኮራ ብሎ።

አስተማሪያችን ወልደ ሚካኤል የሚባል የጎጃም ወጣት ነው። ጥርሱ አይታይም። ሁላችንንም አንቱ ይለናል፤ አንቱታው ግን ከማክበሩ ማስፈራቱ ይብሳል። ዘዴው ግን ግሩም ነበር። "ቃል እንደ በግ በላቱ ይያዛል" ይልና፣ መጨረሻቸው አንድ ፊደል የሆነውን አጫጭር ቃላት ሰብስቦ ያስጠናናል። በዚያ ሰሞን ላቱ ኤክስ ነበር። ጠሃ ሰሌዳው ላይ ሲያያት ብድግ አለ።

"ይቺማ የእኔ ናት!"

እውነቱን ነው። ሣጥን እንዳይላወስ ከጀርባው አጠላልፎ የሚመታቸው ሁለት ቀጫጭን ጣውላዎች ቁርጥ ኤክስን ናቸው። ቃሎቹም ሰባት ነበሩ፦ ቦክስ ሣጥን፣ ዋክስ ሰም፣ ፎክስ ቀበሮ፣ ሲክስ ስድስት፣ ሚክስ መደባለቅ፣ ታክስ ግብር፣ ፊክስ መጠገን።

ችግሩ ጠሃ ሰሌዳው ፊት ሲቆም ምላሱ ይታሰራል። ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሁለት ጊዜ ዝም አለ። ቦታ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ደጁን ሞልቶታል።

"አቶ ጠሃ፣" አለው አስተማሪው፣ "ሐሙስ ካልሆነልዎት ቦታዎን ለሌላ ለመስጠት እገደዳለሁ።"

ያን ማታ ቤቱ ገብቶ ነገሩን ዘረገፈው።

ሚስቱ ሀጅራ፣ እሱ በሠራው ሣጥን ውስጥ ባለ አበባ ወረቀት የምትለጥፍ፣ ምላሷ ከመጋዝ የሚቆርጥ ሴት ናት። ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። "አንተ ሰው ሲቆጣህ ነው የሚጠፋህ። በጨዋታ ቢሆን ማን ይችልሃል?" አለችና ቃሎቹን ከነትርጉማቸው አስነግራው አንድ በአንድ እንቆቅልሽ ታደርጋቸው ጀመር! በማግስቱ ከጎናቸው ካለው ሱቄ ሆኜ እሰማለሁ፤ እሱ ይልጋል፣ እሷ ትለጥፋለች።

"እንቆቅልህ!"

"ምን አውቅልሽ?"

"ማር ሲገባባት ቤት፣ እሳት ሲነካት መብራት!"

"ዋክስ!"

"ዘመዱ ውሻ፣ ጠላቱም ውሻ!"

"ፎክስ!"

"በአንድ ጋቢ ሥር ተኝተው ሲራገጡ የሚያድሩ የኔና ያንተ ጉዶች፣ ስንት ናቸው?"

"ሲክስ! አላህ ያሳድግልን።"

"ማንም ሳይጠራው የሚመጣ፣ እጁን ሳይሞላ የማይወጣ!"

"ታክስ! አላህ ያርቀው!"

"ኧረ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል!" አልኩት ከወዲህ ሆኜ።

ሲያቅተው እንደ ጨዋታው ሕግ አገር ይሰጣታል። ባቲን ሰጣት፣ ሐይቅን ሰጣት፣ ደሴን አስረከባት። እሷም እየገባች ነገሠችባቸው። ረቡዕ ሲደርስ ግን አንድም አገር አልሰጥም አለ። አንዲት ቃል ብቻ እንቆቅልሽ ሳይወጣላት ቀረች፤ ፊክስ። "መጠገንን ደግሞ? ስትጠግን ነው የምትውለው፤ እጅህ ይነግርሃል" ብላ አለፈቻት።

ሐሙስ መጣ። ጠሃ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ላቡ ከቆቡ ሥር ይወርዳል።

"ሰም!" አለ አስተማሪው።

ጠሃ ቆቡን አውልቆ መልሶ ደፋ።

"ሰም፣ አቶ ጠሃ!"

"ምን አውቅልህ?" አለ ጠሃ፣ ሳያስበው ካፉ አምልጦት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አበቃለት ብዬ።

"ምን አሉ?"

"ቲቸር፣ ይቅርታ። ቤቴ የተማርኩት በእንቆቅልሽ ነው። እባክዎ እንደ ቤቴ ይጠይቁኝ።"

ወልደ ሚካኤል ጠመኔውን አገላበጠ። ጨዋታው አንቱታ አያውቅም፤ እሱ ደግሞ ከአንቱ ወርዶ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገና፣ ቀስ ብሎ፣

"እንቆቅልህ" አለ።

"ምን አውቅልህ!"

"ሰም!"

"ዋክስ!"

ከዚያማ ማን ያቁመው! ቀበሮ ሲለው ፎክስ፣ ሣጥን ሲለው ቦክስ፣ ግብር ሲለው ታክስ። ስድስቱን እንደ ምስማር መታ መታ አደረጋቸው። መጨረሻ ላይ፣

"መጠገን!"

ጠሃ ጣራውን አየ። እኔን አየኝ። እጁን አየ፤ እጁም ደጅ ቀርቷል መሰለኝ አልነገረውም።

"አገር ስጠኝ!" አለ አስተማሪው። ሲለው ራሱም ደነገጠ።

"ኮምቦልቻን ሰጠሁህ!"

ያ ጥርሱ የማይታይ ሰው ጠመኔውን እንደ ጦር አነሣ። "ኮምቦልቻ ገብቼ ምን አጥቼ! ሁሉ በእጄ፣ ሁሉ በደጄ! ጠሃ ግን መዶሻውን ታቅፎ፣ ከሠራው ሣጥን ውስጥ ራሱ ተቆልፎ! መልሱ ፊክስ ነው! ቀን ሙሉ ስታደርገው የምትውለው!" ከዚያ ያለበት ትዝ አለውና ኮቱን አስተካከለ። "ማለቴ... ሲያደርጉት የሚውሉት። ስድስቱን አግኝተዋል፣ አቶ ጠሃ። ቦታዎ የእርስዎ ነው።"

እየሮጥን ማለት ይቻላል ሳጥን ተራ ደረስን። ጠሃ ለሀጅራ ሁሉንም ነገራት። እልል ልትል ከንፈሯን አሹላ፣ ድንገት አቆመች።

"ማንን ሰጠሁ አልክ? የእናቴ ቤት ያለበትን ኮምቦልቻን? ደሴ ጠፍቶ ነው?"

"ደሴንማ አንቺ ወስደሻት!"

"አላውቅም! አስመልሳት!"

በማግስቱ ጠሃ ክፍል ሲገባ ሳይቀመጥ፣ "ቲቸር፣ መጠገን ፊክስ ነው። ኮምቦልቻን ይመልሱልኝ፣ ሚስቴ ፊት ነሥታኛለች" አለ።

አስተማሪው ወደኛ አግዳሚ በአገጩ አመለከተ። "ያ ፊክስ ሲሆን እመልሳለሁ።"

ጠሃ አንድ ጊዜ ወደ በሩ ተመለከተ። ከዚያ ወጥቶ፣ መዶሻና ሁለት ቀጫጭን ጣውላ ይዞ ተመለሰ፤ አግዳሚውን ገልብጦ ጣውላዎቹን እግሮቹ ላይ እንደ ኤክስ አጠላልፎ መታቸው። ቁጭ አልንበት። እኔ ጻፍኩ፤ እሱ አልተወዛወዘም።