መኪና ሲደክማት

ጋሽ ጭቃው ይሏቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አዳዲስ መኪኖችን በጭቃ ዳገት እያወጡ ፈትነዋል፤ ወገባቸው አለቀ እንጂ ዳገቱ አላለቀም።

ዛሬ የቀረቡላቸው በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄዱ ሁለት ሃይብሪድ መኪኖች ናቸው። የተሻለችው ለገጠር አዋላጆች ትገዛለች። የነጯ ሞተር በረጅም ዘንግ አራቱንም ጎማ ያሽከረክራል፤ የሰማያዊዋን የኋላ ጎማዎች የሚገፋው ግን የኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ ነው። ሁለቱም አምስት አምስት ጊዜ ወጡ። ሰማያዊዋማ ድምፅም የላት፤ የዳገቱ ጭቃ ራሱ አዝሎ የሚያወጣት ይመስል ነበር።

"ሰማያዊዋ ናት! ይፈርሙና እንሂድ" አለ ወጣቱ አለቃቸው፣ ጃንጥላ ሥር ሆኖ።

"ቆይ ልጄ። መኪናም እንደ ሰው ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ሲደክመው ነው።"

"የደከመዎትስ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ!"

"እኔማ ጠባዬ ከታወቀ ቆየ።"

እያቃሰቱ ተመልሰው ሰማያዊዋ ውስጥ ገቡ። በስምንተኛው ጊዜ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ የጋለው የኤሌክትሪክ ሞተር ሥራውን አቆመ። የፊት ጎማዎች ብቻቸውን በከንቱ ተሽከረከሩ፤ መኪናዋም ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ጋሽ ጭቃው ፍሬን ረግጠው፣ ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ ወንበር ላይ ብትኖር ኖሮ ብለው አሰቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እንግዲያው ነጯ ትሁና" አለ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እሷም ገና አልደከማትም።"

ነጯ እያጓራች፣ እየተንገዳገደች ስምንተኛውን ወጣች። ጋሽ ጭቃው አናቱ ላይ አቁመው ፈረሙላት። ከመቀመጫው ለመነሳት ግን የአለቃቸው እጅ አስፈለጋቸው።