እጄን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ

የበደለችኝ ዘምዘም ናት። የበደለችኝም ኮምቦልቻ ፋብሪካ በተቀጠርን በአራተኛው ዓመት፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ነው። ከክፍላችን አንዲት ሴት ለሦስት ወር ሥልጠና ሐዋሳ ትላክ ተባለ። ሁለት እጩዎች ቀረብን፤ እኔና የአለቃችን ዘመድ። ምርጫው እጅ በማውጣት ነበር። ዘምዘም ጎረቤቴ ነበረች፤ እናቴ የሞተች ዕለት አጠገቤ ያደረችው እሷ ናት። ጠዋት ስንገባ "የእኔን እጅ ቁጠሪው" ብላኝ ነበር። ስሜ ሲጠራ ግን ሻሿን ታስተካክል ነበር። በአንድ እጅ ተሸነፍኩ። ሻንጣ ተውሼ፣ ልብሴን አጥቤ አጣጥፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከወሎ ወጥቼ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩት ይህን ልመልስላት ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጄ ዘንድ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ብገባም ቅሬዬን ከኮምቦልቻ አላነሳሁም። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የሴቶቹ ቅሬ ሕግ አለው፤ ሦስት ለቅሶ በተከታታይ የቀረች ትሰረዛለች፣ አባላቱ ትቆይ ካላሏት በቀር። ዘምዘም አራት ቀርታለች። በምትኳ ሰው አልላከችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም። ከቅሬ የተሰረዘች አሮጊት ስትሞት ደጇ ድንኳን አይተከልም፣ ለልጇ ውሃ የሚቀዳላት፣ እንጀራ ይዞ የሚገባላት የለም። ይህን አውቃለሁ። አውቄ ነው የተነሳሁት። ትቆይ ሲባል እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ልመለስ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ደሴ

የጦሳ ተራራ ራሱን በጉም ሸፍኗል። ብርዱ ጉልበቴ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ወጣሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን። ከፊቴ፣ ከሾፌሩ ጎን፣ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የገራዶ ገበሬ ተቀመጡ፤ የካሮታቸው ጆንያ ቦታ አጥቶ እግሬ ሥር ገባ።

"እታለም፣ ካሮቱ ካስቸገረሽ ርገጪው፤ አይከፋውም" አሉኝ ዞር ብለው።

አጠገቤ የነበረው ወንበር መጨረሻ ሞላ። የገባችው ሀያት ናት፤ የዘምዘም ልጅ። ደሴ የምታስተምር፣ ግንባሯ ቁርጥ የእናቷ። አየችኝና ቆመች፤ ሌላ ወንበር የለም።

"አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ መዲና።"

"ወአለይኩም ሰላም" አልኩና ነጠላዬን ወደ ራሴ ሰበሰብኩ። የት እንደምሄድ አልጠየቀችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐረጎ

ከከተማው ወጥተን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር ከፊታችን ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋው። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ገደሉ ከታች ነጭ ጉም ሞልቶታል። ሰው መነጫነጭ ሲጀምር ሀያት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ጨዋታ ላምጣ?" አለች። "አንዱ ይናገራል፤ ቀጣዩ ከንግግሩ አንድ ቃል ይዞ የራሱን ነገር ያወራል። ያቃተው እንደ እንቆቅልሽ አገር ይሰጣል።"

"ጥሩ አገር ነው የምፈልገው" አሉ ጋሽ ሰይድ። "ደረቅ አገር ብትሰጡኝ አልቀበልም።"

"እኔ ልጀምር። ይህ መንገድ እስከ ባሕር ቢወስደኝ አልጠላም" አለች ሀያት።

"ባሕር?" አለ ሾፌሩ። "ባሕር ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። እኔ የማየው ሐረጎን ነው፤ በቀን ስድስት ጊዜ።"

"ስድስት ልጅ አለኝ" አሉ ጋሽ ሰይድ፣ "ካሮት የሚበላ አንድ የለም። ያባታቸውን ትተው ፓስታ መረጡ።"

"መረጡ ካሉ፣ ለምርጫው ካርድ አወጡ ወይ?" አለች ሀያት።

"ካርድማ አወጣሁ" አሉ፤ "ሰልፉን ግን አትጠይቂኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ከሚስቱ ጋር በስልክ ተጣልቶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ታርቆ ሲጨርስ እኔ በሩ ጋ አልደረስኩም።"

መኪናው በሳቅ ተሞላ። እኔም ፈገግ ብዬ ኖሯል፤ ሀያት ስታየኝ ነው ያወቅኩት።

"ሚስት የሚለውን እኔ ልያዝ" አለ ሾፌሩ። "እኛ ቤት ሁሉም ነገር በምርጫ ነው። ድምፅ የምትቆጥረው እሷ ናት። እስካሁን አሸንፌ አላውቅም።"

"ድምፅ አንድም ቢሆን ዋጋ አለው" አለች ሀያት። ቀጥሎ ረጋ ብላ፣ "እትዬ፣ የእርስዎ ተራ ነው።"

አልጫወትም ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እኔን ያስቀረኝ አንድ እጅ ነው።"

ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን መለሱ። ሀያት እጇን አየች፣ ገደሉን አየች። እጅ የሚለውን ቃል ይዛ መቀጠል ነበረባት።

"አልቻልኩም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው አገር ስጪኝ።"

"ሐዋሳን።"

ነጠላዬን ለቀቅኩት። "ማን ነግሮሽ ነው?"

"ምኑን?" አለች። ግራ ገብቷት ነበር። መዋሸት ትችል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን አልዋሸችም። "የቤታችን ልማድ ነው። ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት እማዬ ተሸንፋ አገር ስጪን ስንላት ሐዋሳን ብቻ ነበር የምትሰጠን። ጅማን፣ ሐረርን ብንላት እምቢ። ሐዋሳ ሄደን በላን ጠጣን ብለን ስንጨፍርም 'ቀስ በሉ፣ የሰው ነው' ትለን ነበር። የማን እንደሆነ ግን ነግራን አታውቅም።"

ከባድ መኪናው ተነሣ። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ማንም ቃል አልያዘም፤ ጋሽ ሰይድ ብቻ "ሐዋሳ ውሃ አለው፤ ጥሩ አገር ነው የደረሰሽ" አሉኝ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ኮምቦልቻ

የቦርከናን ወንዝ ስንሻገር ሙቀቱ ተቀበለን። አንዱን ሹራብ አወለቅኩ። መናኸሪያው ጎን ሻይና ሁለት ሳምቡሳ ወሰድኩ፤ ሀያት ልትከፍልልኝ ብትል እምቢ አልኳት። ስብሰባው የቅሬው ሰብሳቢ ወይዘሮ አስካለ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ነበር። ዘምዘም በዱላ ተደግፋ፣ አንድ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ለለቅሶ በምትኬ ሰው እልክ ስለነበር ለሦስት ዓመት አላየኋትም። ግማሽ ሆናለች።

"ለምን ቀረሽ?" አሏት አስካለ።

"እግሬ ነው። ስኳር ነው አሉኝ። እየጎተትኩት ሰው ፊት መታየት ጠላሁ። ጥፋቴ ነው።" ከዚህ በላይ አልተናገረችም። ልመና አታውቅም፤ ያንን ሁልጊዜም አውቅላታለሁ።

"ትቆይ የምትሉ፣ እጅ አውጡ።"

ጥቂት እጆች ወጡ። ከግማሽ በታች። ሌሎቹ ዘምዘምን ይጠሏት መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። አንዷም ዘምዘምን አታይም፤ ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ጦይባ፣ ዘምዘም ያዋለደቻት ጎረቤቷ፣ እጇን ግማሽ ድረስ አንሥታ እኔን አየችና ወደ ጭኗ መለሰችው።

"ምን ሆነሻል? አታወጪም?" አልኳት በሹክሹክታ።

"አንቺ እያለሽ? እንዴት ብዬ፣ መዲና! ይሉኝታ የለኝም?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ሴቶቹ እጃቸውን የያዙት ለእኔ ብለው ነው። የያኔውን ያዩት አሉ፣ ከእናቶቻቸው የሰሙት አሉ። እኔ ኮምቦልቻን ለቅቄ ስወጣ ቂሙ አብሮኝ የወጣ መስሎኝ ነበር።

ዘምዘም ሻሿን አልነካችም። ሁለት እጇን ዱላው ላይ አድርጋ መሬት መሬቱን ታያለች። አስካለ መቁጠር ጀመሩ፤ ቀስ ብለው ነው የቆጠሩት። ሊጨርሱ ሲሉ እጄን አወጣሁ። የጦይባ ተከተለ። ከዚያ ከኋላ፣ ከጎን፣ ከበሩ በኩል ወጣ። አስካለ መቁጠሩን ትተው "በቃ፣ ትቆያለች" አሉ።

ስንበተን ዘምዘም መንገዴ ላይ ቆማ ነበር።

"መዲና፣ አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።"

"እጄን ነው የሰጠሁሽ" አልኳት። "አውፍ አላልኩም።"

"እሺ" አለች። "እሱም ይበቃኛል።"

ሀያት ምሳ ቤታቸው እንድበላ ለመነችኝ። አልሄድኩም።

አሥር ሰዓት፣ ደሴ

በመመለሻው መኪና የሚጫወት ሰው አልነበረም። ሐረጎን ወጥተን ብርዱ ሲጀምር ያወለቅኩትን ሹራብ መልሼ ለበስኩ። ቂም የራሴ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰፈሩ ሁሉ ተሸክሞልኝ ኖሯል፤ ዘምዘምም በኩሏ፣ በእንቆቅልሽ ለልጆቿ በተሸነፈች ቁጥር። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው፤ ደስ አላለኝም።

ቤት ገብቼ ሰገድኩ፣ ራቴን በላሁ። ልጄ "እንዴት ነበር?" ሲለኝ "ትቆያለች" አልኩት።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ እስከ አዲስ አበባ ትኬት ቆረጥኩ። ከዚያ ወደ ሐዋሳ ሌላ መኪና እንዳለ ነገሩኝ። ሻንጣውን ገዛሁ እንጂ አልተዋስኩም። ለዘምዘም አልነገርኳትም።