ማዶዎቹ ተስማምተዋል

ይህን ለንስሐ አባቴም፣ ለባሌም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን ስናገርም አንገቴን ደፍቼ አይደለም። ጎረቤቶቼ «የክረምት ነገር ነው፤ የእግዜር ሥራ ነው» እያሉ ራሳቸውንም እኔንም ሲያጽናኑ አራት ዓመት ሞላቸው። አይደለም። የእኔ ሥራ ነው።

የምኖረው ቦሌ ቡልቡላ፣ ወንዙ ዳር ነው። የሰፈራችን የወንዝ ጥበቃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን ከድልድዩ ሥር ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ እንለቅማለን፣ ቱቦ እንጠርጋለን። አንድ ክረምት ግን ጠረግነውም አልጠረግነውም ውሃው ቤቴ ገባ። እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ዓመት አልፏት ነበር። ከሥራ ስመለስ ፍራሿ ርሶ፣ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ አገኘኋት። አልጮኸችም። ለማን ትጩህ?

በበጋው የድንጋይ ግንብ ተፈቀደልን፤ በሽቦ መረብ እየታሰረ ወንዝ ዳር የሚደረደረው ዓይነት። የመጣው ድንጋይ ወይ የእኛን ዳር ሙሉውን፣ ወይ ሁለቱንም ዳር ግማሽ ግማሹን ያዳርሳል። መሐንዲሱ የእኛን ብቻ ካጠርን ውሃው ወደ ማዶ እንደሚዞር አልደበቀንም፤ ማዶዎቹ ካልተስማሙ አልሠራም አለ። ማዶ ከድሮዎቹ ገበሬዎች የቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ አዴ ጫልቱና ባለቤታቸው ኦቦ ቱፋ። ጠይቃ ትምጣ ተብዬ ተላክሁ።

ሄድኩ። አዴ ጫልቱ አስቀመጡኝ፣ ቆሎ አቀረቡልኝ፣ እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ ውሃውን ከእናንተ በር ካባረራችሁት የት ይሄዳል?» አሉኝ። «እኔ ቤት ነው የሚመጣው። ግማሽ ግማሹን እንካፈል።»

እሺ፣ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ድልድዩን ሳልሻገር ወስኜ ነበር። ኮሚቴው ፊት ቆሜ ተስማምተዋል አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይም በገዛ እጄ «የማዶ ነዋሪዎች ተጠይቀው ተስማምተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላስገደደኝም። ማንም ሄዶ አላረጋገጠም፤ ሊሰሙ የፈለጉትን ነበር የነገርኳቸው። ቢሆንም የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ነሐሴ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ወንዙ ሞላ። ግንቡ ንቅንቅ አልል አለ። ሰፈርተኛው ወጥቶ እልል ሲል እኔም እልል አልኩ። ከዚያ ወደ ማዶ አየን። ውሃው ከግንባችን እየተላጋ የአዴ ጫልቱን ግቢ ከሥር ይቦረቡራል። ኦቦ ቱፋ ላሚቱን ሊፈቱ ወደ በረቱ ሲወርዱ አየኋቸው። ይመለሱ ብዬ ጮህኩ፤ በዚያ ድምፅ ማን ይሰማል? አፈሩ ከእግራቸው ሥር ሄደ። በማግስቱ አስከሬናቸው ከታች ተገኘ።

ከቀብር በኋላ ነገሩን የሚያጣሩ ሰዎች መጡ። አዴ ጫልቱ በጥቁር ልብሳቸው ቆመው «እኔ አልተስማማሁም። ይህችን ልጅ ጠይቋት» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መዝገቡን ገልጬ አነበብኩላቸው። ከሰዎቹ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሐዘን ነው፣ እርጅናም አለ፣ ረስተውት ነው አለ። ዝም አልኩ። ውሸቴ ግንብ አሠራ፤ ዝምታዬስ ምን ሠራ? ባሏን የቀበረች ሴት በሰፈሩ አፍ ጃጅታለች እንድትባል አደረገ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ እናንተ ፍረዱ። እኔ ፈርጄ ጨርሻለሁ።

አዴ ጫልቱ አሁን የካ አባዶ፣ ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራሉ። ባለፈው ሳምንት ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ፣ ዋሽቼብዎታለሁ አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ጃጅታለች ላሉት ንገሪ።»

በሩን ዘጉት። እውነታቸውን ነው፤ ለሚያውቅ ሰው መንገር መናዘዝ አይባልም።

ኮሚቴው ዘንድሮ ከድልድዩ በታች ሌላ ግንብ ሊሠራ ነው። ቅዳሜ ስብሰባ አለ፤ ይህንን የጻፍኩትን እዚያ ቆሜ አነባለሁ። ነገር እንደማነሳ የሸተተው ሊቀመንበራችን ያለፈውን አትቀስቅሺ ብሎኛል። እቀሰቅሳለሁ። ለእናቷ ብላ ነው የሚልልኝም አይጠፋም። አዎ፣ እናቴ ደረቅ አልጋ ላይ ሞተች፤ ደስ ይለኛል፣ ደስታዬንም አልክድም። ግን በሰው ባል ሕይወት የመጣ ደስታ ነው፤ ማንም እንዲያለሳልስልኝ አልፈቅድም። ይቅርታም ከእናንተ አልጠይቅም፤ የእናንተ አይደለምና ልትሰጡኝ አትችሉም።

አዴ ጫልቱ ምንም አልረሱም። ሰው ሲጠይቃችሁ እንዲህ በሉ።